የበርመት ልጅ የጠፋች ዕለት

እኔን የሚያታልል ሰው ገና ከእንቁላል አልወጣም። ለጉራ አይደለም የምለው። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው። ግን ሐይቁ ዳር ያለውን መንደራችንን ዞራችሁ ብትጠይቁ ይነግሯችኋል፤ በእኔ በዙራ ፊት የዋሸ ሰው ከጆሮው ጫፍ ይታወቃል። የማን በግ ማን ጋጣ እንደገባ፣ የትኛዋ ሙሽራ ሳቋ የውሸት እንደሆነ ሳልጠየቅ አውቃለሁ፤ ሳልጠየቅም እናገራለሁ። ስለዚህ በዚያ ጠዋት የጭልፊት ማራቢያ ማዕከላችንን የመፈልፈያ ክፍል ከፍቼ የእንቁላሉን ቅርፊት ባዶውን ሳገኘው መጀመሪያ ያዘንኩት ለሌባው ነው። ምስኪን፣ ከስንት ክፍል መርጦ የእኔን ይሰርቃል?

ቀጥሎ ግን ወደ ማሽኑ ሮጥኩ።

ቅርፊቱ ለሁለት ተከፍሎ ማሽኑ ውስጥ ተኝቷል። ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ጫጩት የለችም። በሩ አልተሰበረም፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ማሽኑም እንደወትሮው እየሞቀ ነው። ቀድመው የተፈለፈሉት ሌሎቹ ጫጩቶች ማሳደጊያ ሳጥናቸው ውስጥ ሆነው ምንም እንዳልተፈጠረ አፋቸውን ከፍተው ይጮሃሉ።

ሥራዬ እነሱን ማብላት ነው። የድርጭት ሥጋ እፈጫለሁ፣ የጭልፊት ራስ አስመስለው የሰፉትን ጓንት አጠልቃለሁ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ በጓንቱ ምንቃር አጎርሳቸዋለሁ። ፊቴን ካዩ እናታቸው እኔ እመስላቸዋለሁ፤ ከዚያ ማደን የለም፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ባዩ ቁጥር «አጉርሰኝ» እያሉ መጮህ ነው። ክፍሉ ውስጥ ማውራትም ክልክል ነው። ከሥራው ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

የጠፋችው ደግሞ ተራ ጫጩት አይደለችም፤ የበርመት ልጅ ናት። በርመት እንደ በረዶ የነጣች ጭልፊት ናት። አያቴ ሶልቶባይ ከልጅነቷ ጀምሮ በክንዱ ላይ አሳድጓት፣ የማዕከሉ ባለቤት ቴሚርቦሎት ለማራቢያ ሲጠይቀው በደስታ ሰጠው። በደስታ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያን ቀን ፊቱን አይቼዋለሁ። ዘንድሮ ከጣለቻቸው እንቁላሎች ሕይወት የያዘው አንድ ብቻ ነበር። ትናንት አመሻሽ ላይ ጫጩቷ ቅርፊቱን ዙሪያውን ሰንጥቃ ልትወጣ ምንም አልቀራትም ነበር። በሩን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን እንደልማዴ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ፣ ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ሰላም ላለኝ ሁሉ ነገርኩ። ለዳቦ ሻጯ፣ ለጎረቤታችን ለኡምሱን፣ ለአያቴ። ሰላም ላላለኝም ነገርኩ።

* * *

ኢንስፔክተር ቶልጎናይ ከከተማ ስትመጣ ፀሐይ ገና ተራራውን አልለቀቀችም ነበር። አጭር ናት፣ ወፈር ያለች፤ የካፖርቷ ኪስ ቁሩት ይዟል፤ እንደ ጠጠር የደረቀውን ጨዋማ የእርጎ ድብልብል አንድ በአንድ እያወጣች ትቆረጥማለች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ወደ ባዶው ማሽን መሄድ ሳይሆን በመስታወቱ በኩል ሌሎቹን ጫጩቶች ማየት ነበር። አየችና አንድ ቁሩት በሩ አጠገብ ያለው የእንጨት ሳህን ውስጥ ጣል አደረገች።

እንዲያ ነው ወጉ። አዲስ የተወለደን ነገር፣ ሕፃንም ይሁን ውርንጭላ፣ መጀመሪያ ያየ ሰው ኮሩምዱክ የሚባል የማያ ስጦታ ይሰጣል፤ ከረሜላም ቢሆን፣ የተሰበረ ማበጠሪያም ቢሆን። ባዶ እጅ ማየት ነውር ነው።

ሁለተኛ ቁሩት ልትጥል ስትል እጇን ያዝኩና እንደ እትዬ አክብሬ ጠራኋት። «ኤጄ፣ ምን ነካዎት! አንዴ ሰጡ እኮ። ሁለቴ የተሰጠለት ፍጥረት ዕድሉ ይሸሻል።»

«እኔም ከዚሁ አገር ነኝ፣ ልጄ» አለች። «ይሄ ጥግ ለተቀመጠችው ነው። ከኋላ ተደብቃ ነበር፣ አሁን ገና አየኋት።»

ዓይኗ አይተኛም ማለት ነው። ወደድኳት። መውደዴ ግን ብዙ አልቆየም።

«ቁልፍ ያለው ማነው?» ብላ ጠየቀች።

ቴሚርቦሎት ላቡን ጠረገ። ስልኩ ደረት ኪሱ ውስጥ ሳያቋርጥ ይንጫጫል፤ ከውጭ አገር ጫጩቷን ሊወስዱ የሚመጡ እንግዶች መንገድ ላይ ናቸው። «ሁለት ቁልፍ ነው ያለው። አንዱ የኔ፣ እሱም ትናንት ከእኔ ጋር ከተማ እህቴ ቤት ነው ያደረው፤ ደውለው ይጠይቋት። ሌላው እዚያች ልጅ አንገት ላይ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ደወለች። የቴሚርቦሎት እህት «አዎ፣ እዚሁ አድሮ ቁርሱን በልቶ ነው የሄደው፤ ጎረቤት እስኪሰማ ሲያንኮራፋ ነው ያደረው» አለች። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ለሁላችንም ተሰማን።

«ማታ ቁልፍሽን ማን ወሰደው?» አለችኝ ቶልጎናይ።

«የኔን ቁልፍ? ማንም! እንደ ድመት ነው የምተኛው። ዝንብ አንገቴ ላይ ብታርፍ እነቃለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በደንብ ነዋ!»

«ሌላ ሰው ሊወስደው አይችልም?»

«የሚችል አልተወለደም አልኩዎት እኮ!»

ቁሩቷን ቆረጠመች። «እንግዲያው የሰረቅሽው አንቺ ነሽ ማለት ነዋ።»

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

* * *

አያቴ ወሬውን ሰምቶ በፈረሱ መጣ። ከፈረሱ ወርዶ ረጅሙን የሱፍ ባርኔጣውን አወለቀ፤ አያቴ ለማንም ባርኔጣ አያወልቅም። አጠገቤ ሲቆም ዓለም ሁሉ ተመልሶ በእግሩ የቆመ መሰለኝ። አሁን ይነግራቸዋል አልኩ በልቤ። አሁን ልክ ልካቸውን ይነግራቸዋል።

«ልጅ ናት» አለ። «ያደረገችውን ሳታውቅ ነው ያደረገችው። እናት አባት ሳይኖራት ያሳደግኳት ነች። ይቅር በሏት።»

ዞሬ አየሁት። እሱ ግን አላየኝም።

ከዚያ ገባኝ፤ ሽማግሌው ብልጥ ነው! መጀመሪያ ልባቸውን ሊያለሰልስ ነው። ቀበሮ ሲያድንም እንዲያው ነው፤ መጀመሪያ ዞር ብሎ የማያይ ይመስላል።

«አታ፣ እርስዎ ማታ የት ነበሩ?» አለችው ቶልጎናይ፤ «አታ» የምንለው ለአባትና ለሽማግሌ ነው።

«ቤቴ ነዋ። ፈረሷ እግሯን አሟት ሳሽ ነበር።»

«እኔ ምስክር ነኝ!» አልኩ። «ልተኛ ስል እግሯን እያሸ ነበር፣ ስነሳም እያሸ ነበር።»

«በመሃልስ?»

«በመሃልማ ተኝቼ ነበር።»

«ጥሩ ምስክር» አለች ኢንስፔክተሯ።

ቴሚርቦሎት ትዕግሥቱ አለቀ። «ጫጩቷ ሙቀት ካላገኘች እስከ ማታ አትቆይም! ልጅቷን ወስዳችሁ አናግሯት፤ የት እንዳደረገቻት ትናገር!»

ሁለቱም ነገር በአንድ ጊዜ ወረደብኝ። በርመት ዘንድሮ ሌላ ልጅ የላትም። እኔም በመንደሩ ከምላሴ በቀር የምታወቅበት ነገር ይህ ሥራ ብቻ ነው። ጫጩቷ ሞታ ከተገኘች ዕድሜዬን ሙሉ «ጫጩት ገዳይዋ ዙራ» እየተባልኩ ልኖር ነው። ስለዚህ ጮህኩ፦

«ኩባት ነው! ኩባትን ጠይቁ!»

* * *

ኩባት ከእኔ በፊት የማብላቱን ሥራ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። ባለፈው በልግ ተባረረ። ጓንቱን ንቆ በባዶ እጁ ሲያጎርስ፣ ዘፈን ሲዘፍንላቸው ተያዘ። እሱ ያሳደጋቸው ጭልፊቶች እስከ ዛሬ ሰው ሲያዩ እንደ ሕፃን ይጮሃሉ። ሲባረር በሩ ላይ ቆሞ «ያለ እኔ አንዲት ነጭ አታሳድጉም!» ብሎ እንደፎከረ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

በፖሊስ መኪናው አብረን ሄድን። ቶልጎናይ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ በሩ ከውስጥ የማይከፈት።

«መብራት የጠፋው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«መንደሩ ውስጥ? ትናንት ጠዋት ነፋሱ ምሰሶ ከጣለ ጀምሮ። ማዕከሉ ጄኔሬተር አለው።»

«ያለ መብራት አንቺ ጫጩት ብትሰርቂ በምን ታሞቂያት ነበር?»

«አልሰረቅኩም አልኩ እኮ!»

«ብትሰርቂ አልኩሽ።»

አሰብኩ። «ብብቴ ውስጥ... አይ፣ ሥራ እንዴት ይሠራል? ምድጃ አጠገብ ደግሞ ትቃጠላለች። እ... እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ሥር!»

«በሰፈሩ የታቀፈች ዶሮ ያለችው ማን ቤት ነው?»

ፈገግ አልኩ። ይሄንንማ ሳልጠየቅ አውቃለሁ። «ኡምሱን ቤት። የኩባት እናት!»

ኡምሱን ዓይኗ ደክሟል፤ ፖሊስ መሆናችንን ሳትለይ ሻይ ልታፈላ ተነሳች። ኩባት ጋራ የሚያህል ሰውነቱን በር ላይ ገትሮ «ምንድነው ነገሩ?» አለ። ነገሩን ሲሰማ ጆሮው ቀላ። አየሁት! በዓይኔ ነው ያየሁት!

«ኤጄ፣ በእናቴ ይሁንብኝ፣ ከተባረርኩ ወዲህ በዚያ በር አልፌ አላውቅም!»

«የማነው ጫጩት የጠፋው?» አለች ኡምሱን ከውስጥ። «የኔ ልጅ ጫጩት ሊሰርቅ? ካልሲውን እንኳ እኔ ነኝ የምፈልግለት!»

የዶሮ ቤቱ ከጓሮ በኩል ነው፤ እኛንና እነሱን የሚለየው ዝቅተኛ የጭቃ ግንብ ሥር። ቶልጎናይ ተንበርክካ ቀዩዋን ዶሮ ቀስ አድርጋ አነሳቻት። ዶሮዋ ተቆጣች። ከሥሯ ቀጭን የጫጩት ጩኸት ተሰማ።

ኢንስፔክተሯ ጀርባዋን ሰጥታን ሸፈነቻትና ሳጥን ውስጥ ከሞቀ ውኃ ጠርሙስና ከአንድ ቁሩት ጋር አስቀመጠቻት። እኔ በትከሻዋ በኩል ለማየት ብንጠራራም አልቻልኩም።

«በሕይወት አለች?»

«አለች። በልታለችም፤ የጉሮሮዋ ከረጢት ሞልቷል። ሥጋው ልሟል፣ አጥንት የለበትም። ያጎረሳት ሰው ያውቅበታል።»

«ኩባት ያውቅበታል!» አልኩ። «ምን አልኳችሁ! እኔ...»

«ዝም በይ እስቲ።» ከጭዱ ላይ አንድ ነገር አነሳች። ትንሽ የነሐስ ቃጭል፤ ለጭልፊት እግር የምትታሰረው ዓይነት። ገለባ አልተጣበቀባትም፤ ጎጆው ጫፍ ላይ በጥንቃቄ የተቀመጠች ነበረች።

«የኩባት ነች!» አልኩ።

«የኔ አይደለችም!» አለ ኩባት። «ግን እንደሷ ያለች ቃጭል ወፍ የያዘ ሰው ሁሉ አለው። ቴሚርቦሎት አለው። ሶልቶባይ አታ አለው። እኔም አሉኝ። እሷን ግን አላውቃትም።»

ቶልጎናይ ቃጭሏን በመዳፏ ይዛ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ግንቡን አየች። ከዚያ እኔን። አስተያየቷ አልገባኝም፤ እንደምታዝንልኝ ነው የሚመስለው፤ አስቂኝ ነገር።

* * *

ማዕከሉ ውስጥ ሁላችንንም ሰበሰበችን። ቴሚርቦሎት፣ ኩባት፣ ልጄን ብቻውን አልሰድም ብላ የተከተለችው ኡምሱን፣ እኔና አያቴ። ሳጥኗን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ የእንጨት ሳህኑን አጠገቡ አደረገች።

«እስካሁን አልከፈትኩላችሁም» አለች። «ያላያት ይያት። ቀስ ብላችሁ፣ ሳታወሩ፤ ደንቡን ታውቃላችሁ።»

እኔ መጀመሪያ ቀረብኩ። የሰናፍጭ ፍሬ በምታህል ነገር አልቅሼ የማላውቀው ልጅ፣ ያቺን ነጭ ድብልብል ሳያት ዓይኔ ሞላ። እጄ ራሱ ወደ ፀጉሬ ሄዶ ማስያዣዬን ነቅሎ ሳህኑ ውስጥ ጣለ። ቴሚርቦሎት እስክሪብቶውን ጣለ። ኡምሱን ዓይኗን ወደ ሳጥኑ አስጠግታ «አይ ውበት!» ብላ የሻሿን መርፌ አወጣች። ኩባት የተከሰሰበትን ሁሉ ረስቶ ከንፈሩን እየመጠጠ የሲጋራ መለኮሻውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠ፤ አንጀቱ በአንድ ጊዜ ቅቤ ሆነ።

አያቴ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ቆሟል።

«አታ፣ እርስዎስ?» አለችው ቶልጎናይ በለሰለሰ ድምፅ።

«ኪሴ ባዶ ነው።»

አፈርኩለት። ሽማግሌ ሰው፣ ያውም ሶልቶባይ፣ ባዶ እጅ! ይሄን መንደሩ ቢሰማ ስንት ዓመት ይተረትበታል? ዘልዬ እጄን ኮት ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። «ምን ባዶ ነው ትላለህ፣ አታ! ያው የትንባሆ ሳጥንህ!» ብዬ አውጥቼ ወደ ሳህኑ ስዘረጋ እጄን ያዘኝ። አያቴ በሕይወቴ እንደዚያ አጥብቆ ይዞኝ አያውቅም።

«ተይ!» አለ። «ሁለት ጊዜ አይሰጥም!»

የሁሉም ዓይን ወደ እኛ ዞረ።

የትንባሆ ሳጥኑ በእጄ ላይ ነው። እጄ በእጁ ላይ ነው። ቀስ ብሎ ለቀቀኝ፤ የጣቶቹ ምልክት ክንዴ ላይ ቀይ ሆኖ ቀረ።

ቶልጎናይ ቃጭሏን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። ትንሽ ጮኸች። «ዶሮዋ ሥር ያገኘኋት ይቺ ናት። ሌባ የሰረቀውን ይደብቃል እንጂ ስጦታ አይሰጠውም። ጫጩቷን መጀመሪያ ያየ ሰው ግን ሌባም ቢሆን ይሰጣል። አንዴ ሰጥቷል፤ አሁን እንደገና አይሰጥም አልኩ በልቤ። መስጠትን ማንም ማስመሰል ይችላል፣ አታ። በዚህች ጫጩት ዕድል ላይ ግን እርስዎ አይቀልዱም።»

አያቴ ጠረጴዛውን ትቶ ወደ ቴሚርቦሎት ዞረ። «ቃጭሏ የበርመት ናት» አለው። «አንተ በርመትን ስትወስድ ከእግሯ ፈትቼ ያስቀረኋት። ያን ቀን እጄን ጨብጠህ ምን አልከኝ?»

ቴሚርቦሎት ጫማውን አየ።

«"የመጀመሪያዋ ሴት ልጇ ያንተ ናት" አልክ። የመጀመሪያዋ ለእንግዶች ሄደች። ዝም አልኩ። ይቺም ለእንግዶች ልትሄድ ነው። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ስንት ጸደይ ላይ ልቆም ነው?»

ይሄንን እኔ አላውቅም ነበር። በደስታ ሰጣት ስል ነው የኖርኩት። ያየሁት ፊት የደስታ አልነበረም ማለት ነው።

«ቁልፉን?» አለች ቶልጎናይ።

አያቴ እኔን ሳያይ መለሰ። «ይቺ ልጅ ስትተኛ መድፍ ቢተኮስ አትሰማም። ከአንገቷ አወጣሁት፣ መልሼም አጠለቅኩላት። የኔ ዶሮ አልታቀፈችም፤ የኡምሱን ታቅፋለች፤ ግንቡ አጭር ነው። ለጥቂት ቀን ነበር። ነገሩ እስኪቀዘቅዝ።»

ኡምሱን «አንተ ሽማግሌ፣ በኔ ልጅ ልታላክክ!» ብላ ባርኔጣውን ከእጁ ቀምታ በሱ መታችው። ኩባት ያዛት። እኔ ግን ቆሜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምሰማው፦ ልጅ ናት፣ ይቅር በሏት። ለስላሳ ድምፁ። የወለቀው ባርኔጣ። ልባቸውን ሊያለሰልስ አልነበረም። ሊያስረክበኝ ነበር።

* * *

የፖሊስ መኪናው ግቢው ውስጥ ሞተሩን አስነስቷል። ቶልጎናይ በሩን ከፍታ ቆመች፤ «አንድ ደቂቃ» አለችኝና ዞር አለች። ሽማግሌውን ከተማ ወስዳ ቃሉን ልትቀበል ነው። ቴሚርቦሎት ክሱን ይተወው አይተወው ገና አልታወቀም፤ እንግዶቹን በስልክ ሲመልስ ግን ሰምቻለሁ።

አያቴ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ተራራውን ያያል። የምለውን ከክፍሉ እስከ መኪናው ድረስ አዘጋጅቼዋለሁ፤ እንደዚያ አማርጬ ተናግሬ አላውቅም።

«ለምን እኔን?» አልኩ። «ኩባትን ስወነጅል እንኳ ዝም አልክ። እኔን ሲወነጅሉ ግን ዝም አላልክም። አንተ ነህ "ያደረገችው ሳታውቅ ነው" ያልከው!»

«ልጅ ስለሆንሽ አያስሩሽም ብዬ ነው።»

«ቁሩት የሚያህል ስጦታ ሁለቴ ቢሰጥላት ዕድሏ ይሸሻል ብለህ ፈርተህ ራስህን አጋለጥክላት። የኔ ዕድልስ? የኔ ስምስ? ለእሷ አንዲት ውሸት ከበደችህ፣ ለእኔ ግን በመንደሩ ሁሉ ፊት ባርኔጣህን አውልቀህ ዋሸህ! ካሁን በኋላ ሻይህን አላፈላም። ፈረስህን አላጠጣም። ደብዳቤ ቢመጣ አላነብልህም። ከእስር ስትወጣ በሩን አልከፍትም፤ ብታንኳኳም አልሰማም፤ ብሰማም አልነሳም። ስምህን አልጠራም። ሰዎች "የማን ልጅ ነሽ?" ሲሉኝ "የማንም" ነው የምላቸው። ሰማህ? የማንም!»

እንባዬ አገጬ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል። ይጎዳው እንደሆነ ጠበቅኩ። አንድ ነገር፣ አንዲት ቃል፣ «ዙራ» ቢለኝ እንኳ።

አያቴ ዘወር ብሎ አየኝ። ያን ቀን ሙሉ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ጨረስሽ?» አለኝ።

«አዎ!»

«እንግዲያው ግቢና አጉርሻት። አንቺ ስትለፈልፊ እሷ እየራባት ነው።»